የማይመለሰው ፓይ

ወይም ቀረፋው ነው፣ ቀረፋ ሲበዛ እንዲህ ይሸታል፣ አይሸትም፣ ኔልስ የጠረጴዛውን ልብስ የሚያስተካክል መስሎ እንደገና ጎንበስ ይላል፣ ጥግ ላይ ያለው ፓይ፣ ጠርዙ በጣት ሳይሆን በሹካ እየተወጋ የተዘጋው፣ ከፖሙና ከቀረፋው ስር ሌላ ነገር አለው፣ እርጥብ ሣር የመሰለ፣ ሣርም አይደለም፣ የእናቱ መኝታ ቤት ነው። የእናቱ መኝታ ቤት እስክትሞት ድረስ እንዲህ ነበር የሚሸተው፣ ሲስተር ዶሪን ቅጠሉን በቅቤ አብስለው በትንሽ ማሰሮ ያመጡላት ነበር፣ በማንኪያ ጫፍ፣ ከዚህ አይለፍ ኔልስ፣ ካለፈ ያዞራታል። ያንን ሽታ አይስተውም። ሊስተውም ይችላል፣ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ያልሆነ ነገር ይሸተዋል ይባላል፣ አንድ ጊዜ ተረጋጋ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአፍንጫህ ሳብ።

ነው።

ከሆነ ደግሞ። ሲስተር ዶሪን ከፊተኛው ጠረጴዛ ተቀምጠው የጎረቤት ልጅ ጭናቸው ላይ ያጫውታሉ፣ የሱሪያቸው ጫፍ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ የታሰረውን የፍርድ ቤት መቆጣጠሪያ ሸፍኖታል፣ ሰው ሁሉ እንዳለ ያውቃል፣ ሰው ሁሉ አያየውም። ጠበቃው የዋስትናውን ቃል ጮክ ብሎ ነው ያነበበላቸው፣ ተከሳሿ ማሪዋና በሚገኝበት ስፍራ እያወቀች አትገኝም፣ ከዚያ መነጽሩን አውልቆ፣ አንድ ጊዜ ከጣሱ እስከ ችሎቱ እስር ቤት ነው የሚቆዩት፣ እኔም ምንም ላደርግልዎ አልችልም። እያወቀች። ኔልስ ያቺን ቃል ይዟት ነው የሚዞረው። የሞንታና ሕግ የፈቀደላቸውን ሥራ፣ ማሪዋና ተክሎ ለበሽተኛ መስጠትን፣ የፌደራሉ መንግሥት ወንጀል ነው ብሎ ከሰሳቸው፣ ፌደራሉ ችሎት ፊት ደግሞ መድኃኒት የሚለው ቃል እንኳ እንዳይነሳ ዓቃቤ ሕጉ ጠይቋል፣ ስለ በሽተኞቹ አንድም ነገር ዳኞቹ ጆሮ እንዳይደርስ፣ ይህን የሚሟገት ጠበቃ ደግሞ በምስጋና አይሠራም፣ ለዚህ ነው አዳራሹ፣ ለዚህ ነው የፓይ ጨረታው፣ ለዚህ ነው እሱ፣ በሕይወቱ ሰው ፊት ቆሞ ተናግሮ የማያውቀው፣ ከቤት ቤት እየዞረ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ኑ ያለው።

እና መጡ። ይሄው መጡ። የሸሪፉ ምክትል ሮይስ ሳይቀር፣ ያለ ደንብ ልብሱ፣ ከሚስቱ ጋር፣ በሩ አጠገብ ባዶ ሳህን ይዞ። ለመብላት ነው የመጣው ወይስ ለመሰለል፣ ለመብላት ነው፣ ሮይስ የፖም ፓይ ካለበት ቀርቶ አያውቅም፣ ቢሆንም አፍንጫ አለው፣ አፍንጫው ደግሞ ደሞዝ ይከፈለዋል።

የማን ነው። ፓይ ላይ ስም አይጻፍም፣ ሳህኑ ይናገራል፣ በዚህ ሸለቆ የሴቶቹን ሳህን የማያውቅ የለም፣ ይሄ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነው የኢንግቫር ሚስት ሳህን ነበር፣ እሷ ከሞተች ቆየች። ኢንግቫር። ካንሰሩ አጥንታቸው ውስጥ የገባ ሽማግሌ፣ እንቁላል እንኳ መጥበስ የማይችሉ፣ ከምድጃው አጠገብ ወንበራቸው ላይ ተጎንብሰው ይስቃሉ፣ ዛሬ ምን አሳቃቸው።

ይሄዳል፣ አጠገባቸው ቁጢጥ ይላል፣ ኢንግቫር፣ ፓዩን ማን ጋገረው። እኔ ነኛ፣ ሚስቴ ከመቃብር ተነስታ ትጋግርልኝ። ምን አለበት። ፖም። ሌላስ። ቀረፋ፣ ምነው፣ የጤና ተቆጣጣሪ ሆንክ እንዴ። ሌላስ፣ ኢንግቫር። ሽማግሌው ዙሪያቸውን ያያሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ኩራታቸው ግን ዝቅ አይልም፣ ፖሊሶቹ ሳይወስዱባት በፊት ዶሪን የሰጠችኝ የመጨረሻዋ ቅቤ ነበረችኝ፣ ለክፉ ቀን ብዬ ያስቀመጥኳት፣ ከዚህ የከፋ ቀን ደግሞ ከየት ይምጣ። ሁሉንም ነው የጨመሩት። ሁሉንም፣ ለሷ ጨረታ ተራ ፓይ ይዤ ልምጣ እንዴ፣ የገዛው ሰው ቤቱ ወስዶ አንድ ሌሊት እንደ ሰው ይተኛ። እርስዎስ ሌሊቱን ምን ሊሆኑ ነው። እኔማ ጣሪያውን አውቀዋለሁ፣ ወዳጄ ሆኗል።

ምን ይባላል። የሰው ልጅ ያለችውን አንዲት እፎይታ በሊጥ ሸፍኖ ሲያመጣ ምን ይባላል። ኢንግቫር፣ ቤት አይወሰድም እኮ፣ እዚሁ ነው የሚቆረሰው። ምኑ። ፓዩ፣ የገዛው ሰው ይመለስ ይላል፣ ተመልሶ ይሸጣል፣ ደግሞ ይሸጣል፣ የመጨረሻው ገዢ እዚሁ ቆርሶ ለጠረጴዛው ያድላል፣ ለልጆቹም። የሽማግሌው ፊት ቀስ ብሎ ይወድቃል። ሰማንያ ዓመት እዚህ ሸለቆ ኖረው ይህን አያውቁም፣ ለምን ያውቃሉ፣ በጨረታው ቀን ወንዶቹ ደጅ መኪና ተደግፈው ስለ ከብት ያወራሉ፣ ፓይ የሴቶቹ ነው፣ ሚስታቸው ይዛ ትገባለች፣ ሚስታቸው ባዶ ሳህን ይዛ ትወጣለች። እኔ ይዘውት የሚሄዱ መስሎኝ፣ ይላሉ ኢንግቫር። ለልጆቹም፣ ይላሉ።

አነሳዋለሁ፣ ይላል ኔልስ፣ እርስዎ አይነሱ። ቀላል ነው፣ ሄዶ ያነሳዋል፣ ተሰንጥቋል ይላል፣ ማንም አይጠይቅም፣ ሁሉም ይጠይቃል፣ ግን ያነሳዋል፣ ዞር ሲል ሲስተር ዶሪን ጠረጴዛው ጋ ቆመዋል።

ልጁን አውርደው ፓዮቹን አንድ በአንድ እያዩ ነው፣ እጃቸውን ከኋላ አጣምረው፣ በሆስፒታሉ አልጋ ባልጋ እየዞሩ በሽተኛ ሲጎበኙ እንደኖሩት። አሁን ይንገራቸው። አይንገራቸው። ከነገራቸው ያውቃሉ፣ ካወቁ እያወቁ ተገኙ፣ ቃሉ እሱ ራሱ አፉ ውስጥ ነው ያለው፣ ከተፋው እሳቸው ላይ ይወድቃል፣ ካልነገራቸው ደግሞ እዚያው ይቆማሉ። ፖሊሶቹ የያዟቸው ዕለት የበሽተኞቹን ስም ስጡን፣ አብረውዎት የተከሉትን ስጡን፣ ቀላል እናደርግልዎታለን አሏቸው፣ እሳቸው ውኃ ጠየቁ፣ ጠጡ፣ ብርጭቆውን አስቀመጡ፣ ጥያቄው ገብቶኛል አሉ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል የለም። ኔልስ ይህን ከጠበቃው ሲሰማ ማታውን በልቡ ደጋግሞታል፣ እኔ ብሆን፣ እኔ ብሆን ውኃውን ሳልጨርስ እናገር ነበር፣ ይመስለኛል፣ አላውቅም፣ ሰው ራሱን በምን ያውቃል።

ሰማያዊው ሳህን ጋ ደርሰዋል። ይቆማሉ። ጎንበስ አይሉም፣ አያስፈልጋቸውም፣ ዓይናቸው ወደ ኢንግቫር ይሄዳል፣ ከኢንግቫር ወደ ኔልስ ይመጣል፣ ፊታቸው ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።

ኔልስ፣ ይላሉ፣ ይሄ ጉንፋን አፍንጫዬን ደፍኖታል፣ ሽታ የሚባል አላውቅም ዛሬ። ይማርዎት፣ ይላል። አንድ ሰው ኢንግቫርን ቤታቸው ያድርስልኝ፣ ዛሬ ደክሟቸዋል፣ ማንም ክፉ ቃል እንዳይናገራቸው። እሺ። እኔ ትንሽ ንፋስ ልቀበል። ኮታቸውን ከሚስማሩ ያነሳሉ፣ ሮይስን በሩ ላይ ሰላም ይላሉ፣ ሚስቱን ስለ ጉልበቷ ይጠይቃሉ፣ ይወጣሉ፣ ለእሳቸው ተብሎ በተጠራው አዳራሽ ለእሳቸው ተብሎ የተጋገረውን ትተው በረዶ ላይ ሊቆሙ። እንዲህ ነው እንዴ ሰው የሚወጣው፣ ያለ ችኮላ፣ አንድ ሽማግሌ እንዳያፍር። እሱ ቢሆን ይሮጥ ነበር፣ በሩንም ይጥል ነበር።

አንሳው እንግዲህ፣ ምን ትጠብቃለህ፣ እጁን ይዘረጋል፣ የግሌንዳ እጅ ይቀድመዋል።

ግሌንዳ አጫራቿ፣ ባሏ ከብት የሚያጫርት፣ ከእሱ የባሰ ጉሮሮ ያላት፣ ሳህኑን እስከ ራሷ ከፍ አድርጋ ይዛዋለች፣ ጎረቤቶቼ፣ በዚህ እንጀምር፣ ይህን ሳህን የማያውቅ አለ፣ ሚስቱ ካለፈች የመጀመሪያው ነው፣ ኢንግቫር ራሱ ነው የጋገረው፣ አምላክ ሆዳችንን ይጠብቅ። ሳቅ። ጭብጨባ። ኢንግቫር ወለሉን ያያሉ። ሃያ ዶላር የሚለኝ። ሃያ፣ ይላል ሮይስ ከበሩ። በእርግጥ ሮይስ ነው፣ ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል።

ይሸጣል፣ ይመለሳል፣ እየዞረ ከእጅ እጅ፣ ከአፍንጫ ስር ወደ አፍንጫ ስር፣ መጨረሻ ላይ ቢላ፣ ልጆች ሹካ ይዘው፣ እና ሰኞ ዕለት ዓቃቤ ሕጉ፣ ተከሳሿ በዋስ ላይ እያለች በገዛ ገንዘብ ማሰባሰቢያዋ ለሕፃናት ጭምር፣ ድምፁ ይሰማዋል፣ ደረቅ፣ ትክክለኛ ድምፅ። ይሄ ሰውዬ ልክ ነው ይላሉ ዳኞቹ። ፓዩ ከዚህ አዳራሽ ይውጣ። የገዛ ሰው ብቻ ነው ሊያወጣው የሚችል፣ የገዛ ሰው ደግሞ ይመለስ ይላል፣ ይመለስ ያላለ ሰው በዚህ ሸለቆ ታይቶ አያውቅም፣ አንዱ አድርጎታል ይባላል፣ ከአባቱ ዘመን በፊት፣ ስሙ ተረስቷል፣ ስስቱ አልተረሳም።

ሠላሳ፣ ይላል ኔልስ።

ግሌንዳ ትዞራለች። ደጋሹ ራሱ። አርባ፣ ይላል ሮይስ፣ ሳህኑን በሹካ እየመታ። ሃምሳ። ስድሳ፣ ይላል ሮይስ፣ አንተ ልጅ፣ በገዛ ድግስህ ከእንግዳ ጋር ትሻማለህ እንዴ። ሰባ። ሰማንያ፣ ሮይስ ተዝናንቷል፣ ሌላ ጊዜ ከብት ብቻ ሲገዛ ነው እንዲህ ፊቱ የሚበራው፣ ይህ ጨዋታ ነው ለእሱ፣ ተመላሽ ነው፣ ማን ይጎዳል። ኔልስ የፒክአፑን ማርሽ የሚያሠራበት ሁለት መቶ ዶላር ኪሱ ውስጥ አለ፣ ሌላ የለውም፣ ሁለት መቶ፣ ይላል፣ አዳራሹ ያፏጫል። ሮይስ ሚስቱን ያያል፣ ሚስቱ እንዳታስበው ትለዋለች በዓይኗ። ውሰድ፣ ይላል ሮይስ፣ ለጊዜው። ተሸጠ፣ ትላለች ግሌንዳ፣ እጆቿን ወደ ሕዝቡ ትዘረጋለች፣ ሕዝቡ ሁሌ እንደሚለው ይላል፣ ይመለስ፣ ይመለስ፣ እግር ወለሉን ይመታል፣ ይመለስ።

አይመለስም።

ማን ነው ያለው። እሱ ነው። ግሌንዳ ጆሮዋን ታስጠጋለች፣ ምን አልክ ልጄ። አይመለስም፣ እወስደዋለሁ። እግሮቹ አንድ በአንድ ይቆማሉ። እየቀለደ ነው፣ ይላል አንዱ። እየቀለደ አይደለም፣ ፊቱን እየው። ቢያንስ እዚህ ቁረሰው፣ ይላል ሮይስ፣ ሹካውን ይዞ እየመጣ፣ ሁለት መቶ ዶላር የሚያወጣ ምን እንደሆነ እንቅመሰው። አልቆርስም። ሮይስ ይቆማል፣ ወደ ሰዉ ዞሮ፣ ሰው እንዲህ የሚጨክነው ለሆዱ ነው፣ ይላል፣ ሳቅ ይሆናል፣ ጥሩ ሳቅ አይደለም። ወንበር ደርድሮ፣ ሰው ጠርቶ፣ ፓዩን ይዞ ሊሄድ። እናቱ እንዲህ አልነበረችም፣ ትላለች ከኋላ አንዲት ሴት፣ ቀስ ብላ፣ ያዘነች እንጂ የተቆጣች አይደለችም፣ ያ ነው ከጎድኑ ስር የሚወጋው። አልነበረችም፣ ልክ ነሽ። ኢንግቫር ወንበሩን ይዘው ሊነሱ ነው፣ ሊናገሩ ነው፣ አፋቸው ተከፍቷል፣ ኔልስ ያያቸዋል፣ አይ፣ ይቀመጡ፣ በዓይኑ፣ እባክዎ። ሽማግሌው ይቀመጣሉ። ተዉት፣ ይላሉ፣ የኔን ጋገራ የወደደ ሰው አግኝቼ ልታባርሩብኝ ነው።

አንድ ቃል ቢናገር ይድናል። አንድ ቃል ብቻ፣ እንዲህ ስለሆነ ነው ቢል፣ ግማሹ አቅፎ ይስመው ነበር። ጥያቄው ገብቶኛል። ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ በወንበሮቹ መካከል ይሄዳል፣ ሰዎቹ ጉልበታቸውን ሰብስበው ያሳልፉታል፣ ማንም አያየውም፣ ሁሉም ያየዋል፣ በሩን በትከሻው ይከፍታል።

ብርዱ። ሲስተር ዶሪን ከማገዶው ክምር አጠገብ ቆመዋል፣ ወደ በሩ በግማሽ ዞረው ነበር፣ የያዘውን ያያሉ፣ ወዲያው ጀርባቸውን ይሰጡታል፣ ወደ ተራራው። እሱም ወደሳቸው አይሄድም፣ በዚያኛው በኩል፣ በመኪናዎቹ መካከል፣ የኢንግቫር አሮጌ ፒክአፕ አይቆለፍም፣ ሳህኑን ወንበሩ ላይ ያስቀምጠዋል፣ የፈረስ ብርድ ልብስ ደርቦ ያለብሰዋል፣ በሩን ቀስ ብሎ ይዘጋል። ሽማግሌው እቤታቸው፣ በማንኪያ ጫፍ፣ ከዚያ አይለፍ። ቀና ሲል ሲስተር ዶሪን አሁንም ጀርባቸውን እንደሰጡ ናቸው። ትከሻቸው ላይ በረዶ ጠብ ጠብ ይላል፣ አያራግፉትም። ለስንት ሰው እንዲህ ቆመዋል፣ በስንት መኝታ ቤት በር፣ የሚታየውን ላለማየት ፊታቸውን አዙረው፣ የሚያስፈልገውን ያህል። እንዲህ ያለ ጀርባ ችሎት ፊት ቢቆም ዳኞቹ ያነቡት ይሆን፣ ጀርባ ማንበብ የሚችል ሰው አለ እንዴ በዚያ፣ ይኑር፣ አንድ ይኑር።

ባዶ እጁን ይዞ ይጠጋቸዋል። ከውስጥ የግሌንዳ ድምፅ ሌላ ፓይ አንስቷል፣ እግሮቹ ወለሉን ይመታሉ፣ ይመለስ፣ ይመለስ።

ጨረስክ፣ ይላሉ፣ ሳይዞሩ።

ጨረስኩ።

ምን አሉህ።

ሆዳም አሉኝ። እናቱ እንዲህ አልነበረችም አሉኝ።

እናትህን እኔ ነኝ የማውቃት፣ ይላሉ፣ ይዞራሉ፣ አገጩን በጓንታቸው ይዘው እንደ ታማሚ ልጅ ያዩታል፣ ዓይኑን፣ ከንፈሩን፣ ቀለሙን። ይህ ስም እዚህ አይለቅህም፣ ታውቃለህ አይደል፣ ልጅ ብትወልድ ለልጅህ ይነግሩታል። አውቃለሁ፣ ይላል፣ ሲናገረው ደግሞ እውነት እንደሚያውቅ ይገባዋል፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲያጠያይቀው የዋለው ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ምንም አይጠይቅም፣ ከባድ ነው፣ ይያዛል።

እኔ ብቻዬን ልገባ ነው፣ እርስዎ ትንሽ ቆይተው ይምጡ፣ ከኔ ጋር እንዳያዩዎት።

ሲስተር ዶሪን ክንዱን ይይዙና ክንዳቸው ስር አጥብቀው ያስገቡታል፣ በረዶውን ከጫማቸው ያራግፋሉ፣ አዳራሹ ሁሉ እንዲዞር በሩን ወለል አድርገው ይከፍቱታል።