ከሠርጉ የተረፈው ሳሙና

ሳሙና የሚያስቀምጥ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሳሙና ይገዛል፣ ይታጠቡበታል፣ ያልቃል፤ በቃ። ሳሙና ሠሪዋ ግን ሰሞኑን እንደ እብድ ከቤት ቤት እየዞረች የምትጠይቀው ይህንኑ ነበር።

«በሠርጌ ቀን የሰጠናችሁ ሳሙና ይኖር ይሆን?»

ሰው መጀመሪያ ይስቃል። የድሮ ሚዜዋማ ሆዷን ይዛ ነው የሳቀችው። «አንቺ ሴት ጤናም የለሽ! ያን ሳሙናማ በማግስቱ ጨረስኩት። የድግሱን ቅባት ማን ያስለቅቅልኝ ነበር?» አለቻት። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ «የስንቱን ጢም ላጨሁበት መሰለሽ!» ብሎ ምላጩን እንደያዘ ተንከተከተ። ከዚያ ግን ዓይኗን ያያሉ። ዓይኗን ሲያዩ ሳቁ ከአፋቸው ላይ ይደርቅና «ምነው? ምን ሆነሽ ነው?» ይላሉ። ምን ትበላቸው? ሆድ ይፍጀው ብላ ወደሚቀጥለው በር ታልፋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አናጢ ነበር። ሲጋቡ ኪሳቸው ባዶ ስለነበር ለእንግዶቻቸው የሚሰጡት ማስታወሻ ቢያጡ እሷ ሳሙና ቀቀለች፣ እሱ ከእንጨት ማህተም ቀረጸ፤ አንገቷን ወደ ኋላ አዙራ የምታይ ወፍ። በእያንዳንዱ ፍሬ ፊት ላይ ወፏን አተማት፣ በጀርባው ደግሞ በምስማር ጫፍ የሠርጋቸውን ዓመት ጫረበት። ሰው ወደደው። ሳሙናው መተዳደሪያቸው ሆነ፤ ወፏም ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሳሙናዋ ላይ ወርዳ አታውቅም። ሰው ሱቅ ሲሄድ «ወፊቱን ስጠኝ» ነው የሚለው። ዓመቱን ግን ሁለተኛ ጭረውት አያውቁም፤ ምን ብለው ይጫሩት?

ደግሞ ያ ባሏ አንድ ነገር ነበረው። «የከረመ ሳሙና ከቤቴ አይወጣም» ባይ ነው። ያልተሸጠ ሳሙና ሰንበት ካለ ተመልሶ በርሜል ውስጥ ይገባል፣ ይቀልጣል፣ እንደ አዲስ ይታተማል። እሱ ከሞተ በኋላም እሷ ይህን ደንብ አላፈረሰችም። በዚህ ነበር የምትኮራው። ዛሬ ግን መጋዘኗን ከላይ እስከ ታች ብትፈትሸው ከወር ያለፈው አንድ ሳሙና አጣች። ኩራቷ ጉድ ሠራት።

ባሏ በሞተ ሰሞን ነጋዴው ሁሉ የንግድ ምልክቱን ለማስመዝገብ ይሯሯጥ ጀመር። እሷ ቢሮ ሲባል ሆዷን የሚቆርጣት ሴት ናት። ደግሞስ የባሏ ታናሽ ወንድም እያለላት ምን ያስጨንቃታል! ውል ቢታደስ እሱ፣ መብራት ቢቋረጥ እሱ፤ በቤተሰቡ ስሙም «ጉዳይ ጨራሽ» ነው። ማህተሙን በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችው። «ያው አንተ ሂድልኝ፣ እኔ የሳሙናውን ሶዳ እያፈላሁ ነኝ» አለችው። በስሜ አስመዝግብልኝ እንኳ አላለችውም፤ ወንድሜ የማንን ስም እንደሚያስጽፍ አያጣውም ብላ። ሄደ። ጨረሰ፤ ማህተሙንም መለሰላት። ወፏን በገዛ ስሙ አስመዘገባት!

እሷ ይህን ያወቀችው ቆይቶ ነው። ጉዳይ ጨራሽ ፋብሪካ ከፈተ። የሚያብረቀርቅ ወረቀት የለበሰ፣ ሁለት እጅ ሲታጠቡበት የሚሟሟ ሳሙና አመጣ፤ ወፏም ከነአንገቷ ላዩ ላይ ናት። ቀጥሎ ተቆጣጣሪዎች በየሱቁ ገብተው የእሷን ሳሙና እየለቀሙ ጫኑት። «አስመስሎ የተሠራ ነው» አሉ። እናንተዬ! በገዛ ወፏ አስመሳይ ተባለች!

እየሮጠች ፋብሪካው ድረስ ሄደች። እሱ ወንበር አቀረበላት፣ ውሃ አስመጣላት። «እትዬ፣ ለምን ትጨነቂያለሽ? እኔ ጋ መጥተሽ ትሠሪያለሽ። ደመወዝ እቆርጥልሻለሁ» አላት፣ ውለታ እንደሚውልላት ሰው። ውሃውን ሳትነካው ወጣች።

ለመጀመሪያ ጊዜም ምልክት የሚመዘገብበት ቢሮ ሄደች። መዝጋቢዋ መነጽር ያደረገች ወጣት ናት፤ ክፉ ሰው አይደለችም። እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት።

«እናቴ፣ እኔ አምንዎታለሁ። የእኔ ማመን ግን አይጠቅምዎትም» አለቻት። «ከእሱ በፊት በምልክቱ ይጠቀሙበት እንደነበር የሚያሳይ ነገር ያምጡልኝ። ዓመት ያለበት ዕቃ። ፎቶውን ሳይሆን ዕቃውን ራሱን። የዘመድ ቃል አይያዝልዎትም። የመቃወሚያው ጊዜ የሚያበቃው ደግሞ አርብ ነው። ካለፈ ወፏ የእሱ እንደሆነች ትቀራለች።»

«ሳሙና እኮ ነው፣ ልጄ!» ብላ ጮኸች። «ሳሙና ያልቃል! ሊቀመጥ ነው እንዴ ሳሙና የሚሠራው?» ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። መጮኋን ያወቀችው ያኔ ነው።

ባለሱቆቹ እንዳይመሰክሩላት ሸቀጣቸውን በዱቤ የሚያመጣላቸው ጉዳይ ጨራሽ ነው፤ ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ያን ጊዜ ነው የሠርጉ ሳሙና ትዝ ያላት፤ ያን ጊዜ ነው የየሰውን በር ማንኳኳት የጀመረችው። ሐሙስ ጠዋት እግሯ አብጦ፣ ባዶ በርሜሏ አጠገብ ተቀምጣ አለቀሰች። አብራት የምትሠራው ሳሙና ቆራጯ ቢላዋዋን አስቀምጣ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አማትሽን ጠይቀሻቸዋል?» አለቻት። «እኚያ ሴትዮ እኮ የተቀደደ ካልሲ እንኳ አይጥሉም።»

አልጠየቀቻቸውም። የሚኖሩት ከጉዳይ ጨራሽ ጋር ነዋ! የሁለቱም እናት ናቸው፤ የሟቹም፣ የሌባውም። ለሟቹ ሚስት ግን ሁልጊዜ ስስት አለባቸው። በታመሙ ጊዜ እኮ እንደ ሕፃን አቅፋ ያስታመመቻቸው እሷ ናት። እሱ ፋብሪካ የሚውልበትን ሰዓት ጠብቃ በጓሮ በር ገባች።

አማቷ ከትልቁ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። «ልጄ! ምነው ከሳሽ? ምነው እንዲህ ጠፋሽብኝ?» እያሉ አገላብጠው ሳሟት። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ምንም አልደበቀችም። እሳቸው አቀርቅረው ሰሙ።

«አውቃለሁ» አሉ ስትጨርስ። «ጆሮዬ እኮ ደህና ነው። አፌ ነው እንጂ የደከመው። እስቲ ከአልጋው ሥር ያን ሳጥን ሳቢልኝ።»

ሳበችው። አማቷ ልብሱን አንድ በአንድ እያነሱ አልጋው ላይ ከመሩት። ከሁሉም ሥር አንድ የወንድ ሸሚዝ ነበር፤ የባሏን ሸሚዝ በአንገትጌው አወቀችው። ሲፈቱት ሳሙናው ወጣ። ቢጫ ሆኗል፣ ጠርዙ ተሰነጣጥቋል፤ ወፏ ግን አለች። ገለበጠችው። ዓመቱም አለ! ባሏ እየሳቀ፣ ምስማሩን እንደ እስክሪብቶ ይዞ የጫረው ዓመት።

«ልብሴ እንዲሸትልኝ ብዬ ነበር ያኔ ያስቀመጥኩት» አሉ አማቷ። «ልጄ ከሞተ ወዲህ ግን … ተይው።»

ጉልበታቸው ላይ ተደፋች። «እማዬ፣ አተረፉኝ! ነፍሴን መለሱልኝ!» ደስታዋ ለቅሶ ሆኖ ነው የወጣው።

«ቆይ እስቲ» አሉና ሳሙናውን ከእጇ ተቀበሏት። «ይህን ስትሰጫቸው ምን ያደርጋሉ?»

«የእሱን ምዝገባ ይሰርዙታል። ወፏ ወደ እኔ ትመለሳለች።»

«ፋብሪካውስ?»

መዋሸት ትችል ነበር። ግን በእሳቸው ፊት ውሸት አይወጣላትም። «ይዘጋ ይሆናል፣ እማዬ። ሁሉ ነገሩን ያቆመው በወፏ ላይ ነው። እንዲጠፋ ፈልጌ ግን አይደለም፤ እርስዎ ያውቁኛል።»

«የሚያዩት ወፏን ነው?»

አይ የዋህነት! ምነው ያን ጊዜ አፏ በተሳሰረ! «ወፏማ አዲሱም ላይ አለች» አለች፣ እየተፍለቀለቀች። «የሚፈልጉት ይቺን ነው» ብላ ዓመቱን በጣቷ አሳየቻቸው። «ይቺ ባትኖር ትናንት የተሠራ ነው ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?»

«ገባኝ» አሉ አማቷ። «እስቲ ውሃ አፍስሺልኝ፣ እጄን ልታጠብ። አቧራው ነክቶኛል።»

ይህ የሁልጊዜ ሥራዋ ነበር። ከተዳረች ጀምሮ አማቷ ሲታጠቡ ውሃ የምታፈስላቸው እሷ ናት። ሳፋውን አስጠጋች፣ ጆጉን አነሳች፣ ጎንበስ ብላ ታፈስላቸው ጀመር። ሐሳቧ ግን ቢሮው ደጃፍ ደርሷል፤ መዝጋቢዋን ምን እንደምትላት ታሰላስላለች፤ ያቺ ልጅ በመነጽሯ ውስጥ ስትስቅላት ይታያታል። ከሐሳቧ ያባነናት ሽታው ነው። የገዛ ሳሙናዋ ሽታ፤ ያ የመጀመሪያው።

ወደ ታች አየች። አማቷ ሳሙናውን በግራ እጃቸው ይዘው ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ይፍቁታል። ውሃውን የምታፈስላቸው እሷ ናት!

«እማዬ!»

ጆጉ ከእጇ አመለጠና ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ሳሙናውን ልትነጥቃቸው ብትሞክር አሙለጨለጫት፤ ሳፋው ውስጥ ወደቀ። በሁለት እጇ አፍሳ አወጣችው። ጀርባው ልሙጥ ሆኗል። ድሮም ቀጭን ጭረት ነበረች፤ ውሃ በላት። ወፏን ግን አልነኳትም፤ አንገቷን አዙራ ታያታለች።

«ምን አደረግኩዎ? ኧረ ምን በደልኩዎ?» መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ሳሙናውን ደረቷ ላይ ለጥፋ ነው የምትጮኸው። ቀሚሷ በውሃ ረጥቧል። ነገ አርብ ነው።

«አንቺ ምንም አልበደልሽኝም» አሉ አማቷ። እጃቸው ላይ አረፋው እንዳለ ነው። «እሱ ነው የበደለሽ። ሌባ ነው፤ እኔ እናቱ እላለሁ። ግን የቀረኝ እሱ ነው። አንዱን ቀብሬያለሁ፣ ልጄ። ሌላውን በገዛ እጄ አልቀብርም።»

ልትሰድባቸው ፈለገች። ግን አልቻለችም። ተነሳች፤ ሳሙናውን በቀሚሷ ጫፍ አድርቃ በሸሚዙ ጠቀለለችውና አማቷ ጉልበት ላይ አኖረችው። ዓመት የሌለው ሳሙና ምን ያደርግላታል? እሷ ዘንድ ወፏ ያለችበት ሳሙና ከተገኘ ወንጀል ነው።

በሩን ከፍታ ልትወጣ ስትል ከኋላዋ ጠሯት።

«ልጄ።»

«አቤት፣ እማዬ።» ከልማድ ነው አፏ የመለሰው።

«ስትቀቅዪ አንድ ፍሬ ላኪልኝ። የእሱ ሳሙና እጄን እየሰነጠቀው ነው።»

በንዴት ዞራ አየቻቸው፤ እውነትም መዳፋቸው ተሰነጣጥቋል፣ አረፋው በየስንጥቁ ገብቶ ያቃጥላቸዋል፤ ውሃ የሚያፈስላቸውም የለም። ወለሉ ላይ የወደቀውን ጆግ አነሳች። ውስጡ የቀረችውን ውሃ እስክታልቅ አፈሰሰችላቸው፣ ፎጣውንም አቀበለቻቸው።

«እሺ እማዬ፣ እልክልዎታለሁ» አለች። «ያለ ወፏ ነው እንግዲህ።»