ከስኳሩ ጆንያ ጀርባ

የታንጉትን የቲማቲም ድልህ ያልቀመሰ ሰው ወጥ በልቻለሁ ብሎ እንዳያወራ! የራያ ቲማቲም ጫኝ መኪና አጥቶ ማሳው ላይ ሲበሰብስ እያየች አንጀቷ አልችል ቢላት፣ ልጣጩንና ዘሩን አጥልላ፣ በጨውና በነጭ ሽንኩርት በዝግታ አንተክትካ፣ በማርማላታ ጠርሙስ ትሞላው ጀመር። ለአንድ ድስት አንድ ማንኪያ ይበቃል። የቆርቆሮው ድልህ፣ ያ በቴሌቪዥን የሚዘፈንለት፣ ግማሹን ቢገለብጡትም ወጡን አኮምጥጦት ቁጭ ነው።

ታንጉት ግን ለሙያ አልነበረም የምትለፋው። የከተማዋ የጎብዬ ልጆች በአፋር በረሃ አድርገው ወደ ዐረብ አገር ሲነጉዱ፣ የአንድዬ ልጇ የወለላም ልብ ሸፍቶ ነበር። ለምና ለምና በዚህ አስማማቻት። «ድልሁ ከተሸጠልሽ የትም አልሄድም፤ አብሬሽ እሠራለሁ» አለቻት ወለላ። ከዚያ ወዲያ ታንጉት እሳት ዳር ስትለበለብ ብትውል ድካም የሚባል ነገር አላወቀችም።

ጠርሙሶቹን ይዛ ቆቦ፣ ሙንተሲር ሱቅ ሄደች። ሙንተሲር የጡት ልጇ ነው። የበኩር ልጇ በሞተባት ሰሞን የሱ እናት በአራስነቷ ታማ ነበርና፣ ሞልቶ የቀረውን ጡቷን ያጠባችው እሱን ነው።

«እንዴ እማዬ! ላንቺ መደርደሪያ ልነሳ?» ብሎ ፊት ለፊት ደረደረላት። «አላህ ገበያውን ያቅናልሽ!»

በሌላ ጊዜ ብትመለስ መደርደሪያው ላይ የሷ ድልህ የለም። የቆርቆሮው ብቻ ተኮልኩሏል።

«አለቀ እኮ፣ ጨምሪ!» አላት ሙንተሲር፤ ገንዘቧንም ሰጣት።

እልል ልትል ምንም አልቀራት። ከዚያ ወዲህ በሄደች ቁጥር የሷ ድልህ አይታይም፤ ባጣችው ቁጥር ደስ ይላታል። የዋህ! የተሸጠና የተደበቀ ለዓይን አንድ መሆኑን ማን ይንገራት?

አንድ አርብ ከወለላ ጋር ሲደርሱ ሙንተሲር ለጁምዓ ሄዷል፤ ሱቁ ውስጥ ያለችው ሚስቱ ዚነት ናት።

«ወለላዬ፣ መጋዘን አስገቢልኝ፤ ከስኳሩ ጆንያ ጀርባ፣ ከሌሎቹ ጋር» አለች ዚነት፣ ምንም ክፉ ሳታስብ።

ወለላ ገብታ ቆየች። ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምነው ልጄ?» አለች ታንጉት።

«ምንም። አቧራ ነው።»

ሳምንት ሳይሞላ ወለላ ከቤት ጠፋች። ለጎረቤት የተወችው ቃል «ድልሁ አልተሸጠም፤ እኔንም አትጠብቂኝ በሏት» የሚል ነበር።

ታንጉት ነጠላዋን በቅጡ ሳትለብስ ቆቦ ገሰገሰች። መጋዘኑን አስከፈተች። ጠርሙሶቿ ከመጀመሪያዎቹ ጀምሮ አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል።

«እማዬ፣ ስሚኝ» አለ ሙንተሲር። «መደርደሪያውንም ፍሪጁንም የሰጠኝ የቆርቆሮው አከፋፋይ ነው፤ ‹ከእኔ ዕቃ ሌላ እንዳላይ› አለኝ። ከሥር አውጥቼ ላቀርበው ስልም ሰዉ ‹ይቺ ደግሞ ማናት? የታወቀውን ስጠኝ› ይላል። እቤቴ በልቶ ጣቱን የላሰው ሳይቀር! የቅርብ ጸበል ልጥ ይነከርበታል። ከኪሴ እየከፈልኩሽ ቆየሁ። ጡትሽን ጠብቼ እንዴት አልተሸጠም ልበልሽ?»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የሱ ዝምታ ግን ነቀዘ።

«ጡቴን ጠብተህማ ነው እውነቱን የምትነግረኝ!» ብላ ጮኸችበት። «ብትነግረኝ ተሸክሜ በየሰዉ ደጅ አዞረው ነበር። ዋጃ እወስደው፣ ሮቢት እወስደው ነበር። በውሸት ገበያ አታልለህ ልጄን ለበረሃ ሰጠሃት!»

ሙንተሲር አንገቱን ደፋ።

ታንጉት አንዱን ጠርሙስ አንስታ ክዳኑን ከፈተች። ተበላሽቶ ባገኘችው በወደደች ነበር፤ ጥፋቱን በድልሁ አሳብባ ትጽናና ነበር። በጣቷ ቀመሰችው። አልኮመጠጠም፣ አልሻገተም።

«ወይኔ ልጄን! ደህና ነው እኮ! ደህና ነው እኮ!» እያለች እዚያው ጆንያው ላይ ተዘረፈጠች።

ይሄኔ አንዲት ሴት ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆማ የቆርቆሮ ድልህ ጠየቀች። ሙንተሲር እንባውን በእጅጌው ጠርጎ ወጣና ሸጠላት።