አማቴ ለአምባዛ ያፈሉት ቅጠል

ከቤታችን ጀርባ አራት የሲሚንቶ ገንዳ አሠርተን አምባዛ ማርባት ስንጀምር፣ እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ሰባት ዓመት አልፎን ነበር። ልጅ ግን አልነበረንም። አማቴ አብረውን ይኖሩ ስለነበር በየማለዳው አንድ ብርጭቆ መራራ ቅጠል አፍልተው ያቀርቡልኛል፤ እኔም አፍንጫዬን ይዤ እጨልጠዋለሁ። ሐኪሙ ችግሩ የእኔ እንዳልሆነ ነግሮናል። ባለቤቴ ይህን ለእናቱ ለመንገር አፉ አልታዘዝ አለው፤ እኔም ገመናውን ሸፈንኩለት።

ዓሦቹም አስቸገሩን። አምባዛ ገንዳ ውስጥ በራሱ ፈቃድ አይራባም። ሴቷን መርፌ ወግተን፣ ሆዷን አሸት አሸት አድርገን እንቁላሏን በሳህን እንቀበልና ከወንዱ ዘር ጋር በላባ እናዋህዳለን። በማግስቱ ከግማሽ የሚበልጠው ነጥቶ ይገኛል፤ የነጣ ደግሞ የሞተ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ባለቤቴ ያነበበውን ወረቀት ይዞ እኔና እናቱ ወዳለንበት ወጥ ቤት ገባ።

«እማዬ፣ የሞሪንጋ ቅጠል ታፈይልኛለሽ? ከመኖው ጋር ላሽላቸው ነው።»

«ለሴቶቹ?»

«ለወንዶቹም። ዘራቸው ደካማ ሳይሆን አይቀርም።»

«ወንድም መድኃኒት ይጠጣል እንዴ?» ብለው ሳቁ።

እሱ አልሳቀም። አንገቱን ደፋ። አማቴ እሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እጄ ላይ ያለውን ብርጭቆ አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀበሉኝና መታጠቢያው ውስጥ ደፉት።

«እስከ ዛሬ ዝም ብለሽ ስትጠጪ የኖርሽው… አይ አንቺ ልጅ!» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ምን ላድርግ፣ እማማ» አልኳቸው።

ሁለት ወር ሙሉ ጎን ለጎን ቆመን ቅጠል አፈላን፣ በነጠላ ጨርቅ አጠለልን። ሁለቱን ገንዳ ቅጠል ያለበት መኖ መገብን፤ ሁለቱን እንደ ወትሮው ተውናቸው። እንቁላሉን ባወጣን ማግስት አማቴ መነጽራቸውን አድርገው እንቁላሉን የዘረጋንበት መረብ ላይ አጎነበሱ። ቅጠል ካልቀመሱት የመጣው ግማሹ ነጥቷል። ቅጠል ከበሉት ግን የነጣው አንድ እፍኝ ቢሆን ነው፤ ሌላው ብርሃን እንደሚያሳልፍ ብርጭቆ ጥርት ብሏል። ከሰዓት በኋላ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ጫጩቶች ውሃው ውስጥ ይርመሰመሱ ጀመር። አማቴ እልል አሉ፤ ጎረቤት ልጅ የተወለደ መስሎት ከች አለ።

እኛ ዘንድ ልጅ አልመጣም። ባለቤቴም በእናቱ ትእዛዝ አንድ ዓመት ያህል መራራውን ጠጥቷል። ጠያቂ ሲመጣ ግን አማቴ «የልጆቼን ጓዳ ለእኔ ተዉት» እያሉ አፉን ያስይዙት ነበር።

እሳቸው ካረፉ ስምንት ዓመት ሆናቸው። አሁን የቅጠሉን ጭማቂ በጠርሙስ ገዝተን እንጠቀማለን፤ ሥራውንም አቅልሎልናል። ያን በእንፋሎት የታፈነ ወጥ ቤት ግን፣ ጨርቁን ከወዲያና ከወዲህ ይዘን ስንጨምቅ አፍንጫውን ይዞ መራራውን በሚጨልጠው ልጃቸው የሳቅነውንም ሳቅ፣ የምናፍቀው እኔ ብቻ ነኝ።