ጣቢታና የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ

ጣቢታ ዘጠነኛ ክፍል በገባችበት ሳምንት፣ ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ፊዚክስ ሲደርስ ወጥተው ዛፉ ሥር እንዲቆዩ ተነገራቸው። የተጻፈ ሕግ አልነበረም፤ እንዲሁ ልማድ ሆኖ የቆየ ነገር ነው። «ለእናንተ ብዙም አይጠቅምም፤ ሥዕል ይበዛበታል» አላቸው የክፍሉ ኃላፊ። ሌሎቹ ሁለት ልጆች ወጡ። ጣቢታ ግን ከወንበሯ አልተነሳችም።

እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማረችው እዚያው ሰበታ፣ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አዳሪ ሆና ነው። እናቷ ተስፋነሽ ከሆሳዕና መጥታ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች። ጣቢታ ሁለተኛ ደረጃ ስትደርስ እናቷ ወደተከራየቻት አንዲት ክፍል ገባች፤ ጠዋት ጠዋትም የጎረቤት ልጅና የክፍል ጓደኛዋ ሲድራ ክንዷን እያስያዘቻት አብረው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።

የፊዚክስ መምህሩ ተረፈ ይባላል። ሚስቱ ሔለንና ትንሽ ልጁ የሚኖሩት ቡራዩ ነው። እሱ ሳምንቱን ሰበታ ከርሞ ቅዳሜ ታክሲ እየቀያየረ ይሄድና እሑድ ማታ ይመለሳል። ዝውውር ከጠየቀ ዓመታት አልፈዋል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደክሞት ነበር። ሰሌዳው ላይ ቀስት ይሥላል፣ «እንደምታዩት» ይላል፣ አጥፍቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

አንድ ቀን ጣቢታ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ቀስቷ ወዴት ነው የምትሄደው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ተረፈ አልሳቀም። ጠመኔውን እንደያዘ ወደ እሷ ሄደ። መዳፏን ዴስኩ ጠርዝ ላይ አሳረፈላትና «ግፊው» አላት። ስትገፋው ዴስኩ ሲጢጥ እያለ ተንሸራተተ።

«የገፋሽበት አቅጣጫ፣ ቀስቷ የምትሄድበት ነው። ጠንክረሽ ከገፋሽ ቀስቷ ትረዝማለች።»

«እንዲህ ከሆነማ ገባኝ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ተረፈ ትምህርቱን ሲያዘጋጅ በእጅ የሚያዝ ነገር መፈለግ ጀመረ። የክፍሉን በር አንዴ ከማጠፊያው አጠገብ፣ አንዴ ከእጀታው በኩል አስገፋት። አንድን ድንጋይ መጀመሪያ በቀጭን ገመድ፣ ቀጥሎ በሰፊ ጨርቅ ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለው፤ ክብደቱ ያው ሆኖ ሳለ ገመዱ ለምን እንደሚያም ራሷ አስረዳች። የተኙት ተማሪዎች ሳይቀሩ ነቁ። አንድ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ምሳሌውን ራሷ ይዛ መጣች።

«ትናንት ከዓለም ገና ስንመጣ ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ያዘ። ሚኒባሱ ቆመ፤ የኔ ሰውነት ግን መቆሙን ገና አልሰማም፤ መንገዱን ቀጠለና ግንባሬ ከፊት ወንበር ጋር ተላተመ። ኢነርሺያ የምትሉት እሱን ነው አይደል?»

ክፍሉ እንደገና ሳቀ፤ አሁን ግን ከእሷ ጋር ነበር።

የድምፅ ምዕራፍ ሲደርስ ተረፈ ተማሪዎቹን ወደ ውጭ ይዟቸው ወጣ። አጥሩን ተከትሎ ከግቢው ዳር እስከ ዳር የተዘረጋ፣ ውሃ ካየ የቆየ የብረት ቧንቧ አለ። ጣቢታ ተንበርክካ አንድ ጆሮዋን ብረቱ ላይ ለጠፈች። ሲድራ ከወዲያኛው ጫፍ በድንጋይ መታችው።

«ሁለቴ ነው እንዴ የመታሽው?» ጣቢታ ጮክ ብላ ጠየቀች።

«አንዴ ነው!»

«ሁለት ድምፅ ነው የመጣው።» ጆሮዋን ከብረቱ አነሳች። «አንዱ በብረቱ፣ ሌላው በአየር። የብረቱ ቀደመ።»

ሌሎቹም ተራ በተራ ሞከሩ። አንዳንዱ ሰማ፣ አንዳንዱ የሰማ መሰለ። በመጨረሻ ተረፈም ሱሪው አፈር መንካቱን ሳያስብ ተንበረከከ። ለዓመታት ያስተማረውን ነገር በጆሮው ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ያን ቀን ለሔለን ደውሎ ስለ ልጅቷ ብቻ አወራት።

አሥረኛ ክፍል ሲያልቅ፣ ፈተናው በአንባቢ እየተነበበላት፣ ጣቢታ በፊዚክስ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጣች። ለአሥራ አንደኛ ክፍል ናቹራል መረጠች። «ድምፅ ነው ማጥናት የምፈልገው» አለች።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ኪዳነወልድ ነገሩን ሲሰሙ እናቷን አስጠሩ። ከስብሰባው በፊት ተረፈን ኮሪደር ላይ አገኙትና ክንዱን ያዝ አደረጉት።

«የዝውውርህ ጉዳይ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ በዚህ ሳምንት አስተላልፈዋለሁ። የዚችን ልጅ ነገር ግን በሰላም እንጨርሰው። አደራ።»

ድምፃቸው የአባት ድምፅ ነበር። ተረፈ አንገቱን በእሺታ ነቀነቀ።

ቢሮው ውስጥ አቶ ኪዳነወልድ ለተስፋነሽና ለጣቢታ ወንበር ሳቡላቸው።

«ወይዘሮ ተስፋነሽ፣ ለልጅዎ ብለን ነው። ናቹራል ቤተ ሙከራ አለው፣ ሥዕል አለው። በመልቀቂያ ፈተናው ላይ ሥዕሉን ማን ያስረዳታል? ብትወድቅስ ማን ይጠየቃል?»

ቤተ ሙከራው ከተቆለፈ ብዙ ጊዜው ነው፤ የተሰባበረ ዴስክ ነው የታጨቀበት። ተረፈ ያውቃል፤ ርዕሰ መምህሩም ያውቃሉ። ማናቸውም አላነሱትም።

«ቲቸር ተረፈን ይጠይቋቸው» አለች ጣቢታ። ድምጿ ውስጥ ጥርጣሬ የሚባል ነገር አልነበረም።

«መልካም። መምህር፣ ትችላለች?»

ተረፈ ባለፈው ቅዳሜ ቤቱ ሲደርስ ልጁ ገና በሩ ላይ ሳለ «መቼ ነው የምትሄደው?» ብሎ የጠየቀው ትዝ አለው።

«ጎበዝ ናት። ጎበዝነቷ አያጠያይቅም። ግን… ይከብዳታል። ሶሻል ይሻላታል።»

ጣቢታ ፊቷን ድምፁ ወደመጣበት አዞረች።

«ከበደኝ ብዬዎት አውቃለሁ?»

«አላልሽም።»

«ታዲያ የሚከብደው ለማን ነው?»

ተስፋነሽ የልጇን ጉልበት ነካ አደረገች። «ተይ ልጄ፣ በቃ» አለቻት። የማታ ፈረቃ ነበረባት፤ ከአለቃ ጋር መከራከር ደግሞ ምን እንደሚያስከትል ከፋብሪካው ተምራለች። «ጌታ ይባርካችሁ» ብላ ተነሳች። አቶ ኪዳነወልድ እፎይ ብለው እስከ በሩ ሸኟቸው።

የተረፈ ዝውውር ክረምቱ ሳይወጣ ደረሰ። ቡራዩ ገባ፤ ማታ ማታ ቤቱ ያድራል፣ ልጁም ለመደው። ሔለን «ያቺ ጎበዝ ተማሪህስ?» ብላ ስትጠይቀው «ደህና ናት» ይላታል። ሁለተኛ ጊዜ ስትጠይቀው ተቆጣ፤ ከዚያ በኋላ አልጠየቀችውም።

በዓመቱ፣ የቀረበትን ሰነድ ሊወስድ ሰበታ ሄዶ ሲመለስ፣ ታክሲ ተራው ጋ ጣቢታንና ሲድራን አገኛቸው። በዝምታ ማለፍ ይችል ነበር፤ ሲድራ ግን ቀድማ አየችው።

«አካም ጅርቱ፣ ቲቸር! ጣቢታ፣ ቲቸር ተረፈ ናቸው።»

«ጤና ይስጥልኝ» አለች ጣቢታ።

«ትምህርት እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው። ጂኦግራፊ ላይ ካርታ አለ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ይሥለዋል። ማን ያስረዳሻል ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም።»

ሲድራ ነገሩን ለማለዘብ ብላ ቸኮለች። «እሷ እኮ አሁንም ፊዚክስ አልተወችም፣ ቲቸር! አሳይመንቴን አነብላታለሁ፣ እሷ ትሠራዋለች፣ እኔ እጽፈዋለሁ። ባለፈው ከናቹራል አንደኛ የወጣሁት…» የምትናገረው ነገር ራሷን አስደነገጣትና አቋረጠች።

«ጣቢታ» አለ ተረፈ፤ «ያን ቀን ቢሮ ውስጥ…»

«ቡራዩ ተዛወሩ አሉ።»

«አዎ።»

«ቤተሰብዎ ጋ?»

«አዎ።»

«ዝውውርዎ እንደተላለፈልዎት የሰማሁት ቢሮ በተገናኘንበት ሳምንት ነበር። ያኔ ሳልልዎት ቀረሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎት።»

በቁጣ አልተናገረችውም። ብትቆጣ ይቀልለት ነበር። የሲድራን ክንድ ይዛ ወደ ሚኒባሱ ገባች። ተረፈም የሚሄደው በዚያው መስመር ነው፤ አንድ ቦታ ቀርቶ ነበር።

«ጋሼ፣ አንድ ሰው! ይገባሉ?» አለው ረዳቱ።

«ይሂድ» አለ ተረፈ። ሚኒባሱ ሄደ። እሱ የሚቀጥለውን ለመጠበቅ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመ።