የሆሬስ ደወል

ወንድሜ ሆሬስ ሊሞት መሆኑን መንደሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ መንደሩ ሁሉ ስል ግን የቀረነውን ማለቴ ነው። ወደ ረግረጉ ፊታቸውን የሰጡትን ቆንጆ ቤቶች የለንደን ሰዎች ገዝተዋቸዋል። ሐምሌና ነሐሴን ብቅ ይላሉ፤ የቀረውን ዓመት በራቸው ጥርቅም ያለ ነው።

ድሮ ወደብ ነበርን። መርከቦቹ የቤተ ክርስቲያናችንን ግንብ እያዩ ነበር የሚገቡት። ከዚያ ደለሉ ሞላና ባሕሩ ሸሸን፤ ሸምበቆና ለከተማ የሚበቃ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ቀረልን። አሁን አውራጃችንን ኖርፎክን እናያለን የሚሉ ቱሪስቶች ይመጡና "ወይኔ፣ እንዴት ያምራል!" ይሉናል። ያምራላ! ጥርን ከነንፋሱ ኑሩበትና ደግሞ እንያችሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ ስድስት ደወል አለው። ስድስት ሰው ከታች ወለሉ ላይ ይቆማል፣ እያንዳንዱ የራሱን ገመድ ተራውን ጠብቆ ይስባል፤ አንዱ ከዘገየ የሁሉም ይበላሻል። ትንሹ የኔ ነው። ትልቁ የሆሬስ ነበር፤ ከአባታችን ከተረከበው ወዲህ ማንም ነክቶበት አያውቅም። እሱ አልጋ ከያዘ ጀምሮ የቀረነው አምስታችን መደወል ትተናል።

አንድ ሐሙስ ሾርባ ሳጎርሰው እጄን ያዘኝ።

"ኤድና፣ እሁድ ስድስቱም ይደወሉልኝ።"

"ስድስቱም?"

"ስድስቱም። አንዴ ብቻ። ከዚያ በኋላ አላስቸግርሽም።"

"አንተ ደግሞ መቼ አስቸግረህ ታውቃለህና!" አልኩት። ሳቀ። ዕድሜ ልኩን ሲያስቸግረኝ የኖረ ሰው ነው።

ወደ ፐርሲ ሮጥኩ፤ ጎረቤታችን ነው፣ አብሮን ይደውላል። "ስድስተኛ ሰው ከየት እናምጣ?" አልኩት።

"አንቺው ሁለቱን ሳቢ! በአንድ እጅሽ አንዱን፣ በምላስሽ ሌላውን።"

"ዝም ብለህ አስብ፣ አንተ ሽማግሌ!"

አሰብን፤ በየመንደሩም ጠየቅን። እሁድ ሁሉም መንደር የራሱን ደወል ይደውላል፣ ለራሱም የሚበቃ ሰው የለውም። እሁድ ጧት ግን የቱሪስት አውቶቡስ መጣ። አስጎብኚው የመርከቦቹን ታሪክ ሲያወራ መሀላቸው ገብቼ "ይቅርታ፣ ደወል መሳብ የሚችል ሰው አለ?" ብዬ ጮህኩ። የትርኢቱ አካል መስዬያቸው ሳቁ። አንዲት አጠር ያለች ሴት ግን ጫማዋ ጭቃ እንደለበሰ እጇን አወጣች።

"እኔ እችላለሁ። የትኛው ነው የጎደላችሁ?"

"ትልቁ።"

"እሱንማ እወደዋለሁ!"

ልስማት ምንም አልቀረኝም።

ደወልን። ረግረጉ ላይ ያሉት ዝይዎች ግር ብለው ተነሱ። ፐርሲ እንባው እየወረደ ይስባል። ሴትየዋ አንድ ጊዜ እንኳ አልሳተችም። እኔ በደስታ ሰክሬ "ሰማህ ሆሬስ? ሰማህልኝ?" እላለሁ በሆዴ። እንዳበቃን ኮቴንም ሳልደርብ ወደ ቤት በረርኩ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ማንኪያ ማንሳት ያቃተው ሰው ነጭ ሸሚዙን ለብሷል፣ ቁልፎቹ ተዛንፈዋል። ጫማውንም አድርጓል።

"ማነው ያለበሰህ?"

"ራሴ።" ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። "ወንበር ይዛችሁ ትመጣላችሁ ብዬ።"

"የምን ወንበር?"

"ገመዱ ጋ ለመድረስ ደረጃ የለው፣ ምን የለው፤ አንቺና ፐርሲ በወንበር ተሸክማችሁ ታደርሱኛላችሁ ብዬ ነበር። ባልስበውም ገመዱን አንዴ ብይዘው ይበቃኝ ነበር።"

"ሆሬስ፣ እኔ እኮ መስማት የፈለግክ መስሎኝ..."

"ሰማሁማ። መጀመሪያ ያንቺ መጣ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው... ስድስተኛው ላይ ዝም ትላላችሁ ብዬ ነበር። እሱም መጣ።" ቀና ብሎ አየኝ። "ማን ነበር የኔው ላይ?"

"አንዲት ሴት። ከቱሪስቶቹ።"

"ጎበዝ ናት።"

"አሁኑኑ እንወስድሃለን! ፐርሲን ልጥራው፣ ሁሉም ገና እዚያው ናቸው!"

"ተይው ኤድናዬ፣ ደከመኝ። ጫማዬን አውልቂልኝ።"

እግሩ ስር ተንበረከክሁ። እንባዬ እየጋረደኝ ክሩን መፍታት አቃተኝ፤ መንገድ ላይ እንዳይፈታበት ሁለቴ ቋጥሮታል።