የቀዮ ቀብር

ማክሰኞ ከምሳ በፊት ቀዮ ሞተ። ቀዮ ተራራ ነው።

ከባቡር ጣቢያችን በስተሰሜን አምስት ተራሮች ነበሩ። ትናንሽ ናቸው። ካርታ የሚሠሩት ሰዎች መጥተው አይተው "ኮረብታ" ብለው ሄዱ፤ አፈር ይብሉ። ከምሥራቅ ሲነሡ ጥርሶ፣ ግመሌ፣ መሀል ላይ ቀዮ፣ ከዚያ ሁለቱ እህትማማቾች። ከእነሱ ወዲያ አሸዋና ጨው ነው፤ ከወዲህ እኛና አንድ የውሃ ጉድጓዳችን። ጣቢያው ከተተከለ ጀምሮ አሸዋውን ከጉድጓዱ ያገዱልን እነሱ ናቸው። እግዜር ይስጥልኝ ያላቸው የለም።

ቀዮ ሲሞት አልጮኸም። በጎኑ ጋደም አለ፤ ቀይነቱ ለቀቀውና አመድ መሰለ። ሄጄ ነካሁት። ቀዝቅዟል። በዚያ ፀሐይ ድንጋይ ከቀዘቀዘ ሌላ ምን ይባላል?

ነጠላዬን ዘቅዝቄ የእድራችን ዳኛ ደርበው ዘንድ ሄድኩ። መዝገቡን ዘርግቶ ተቀምጧል።

"ጥሩንባ አስነፋ፤ ድንኳኑም ይውጣ።"

"ማን ሞተ፣ እትዬ አሰገደች?"

"ቀዮ።"

ብዕሩን አነሣ። "አባል ነው?"

"ንፋስ ሲከልልህ አባልነቱን ጠይቀኸው ታውቃለህ?"

"ደንብ ነው እኮ። የአባል ቤተሰብ ከሆነ ይቻላል። ምንዎ ነው?"

"አባቴ ነው በል።"

"አባትዎንማ ቀብረናል። ንፍሮውን ያደልኩት እኔው ነኝ።"

"እንግዲያው ወንድሜ።"

ገጹን ገለጠ። "ወንድም የለዎትም፤ እዚህ ተጽፏል።"

"ስማ ደርበው። ሳይቀበር ካደረ አራቱ እዚህ አይቀመጡም። ወገኑ እንደ ውሻ በተጣለበት አገር ማን ይቀመጣል? እነሱ ከሄዱ ደግሞ አሸዋው ጉድጓዱን ይደፍነዋል። ምን ልትጠጣ ነው፣ ቀለም?"

"እሑድ ጉባኤ አለ፤ ይቀርባል።"

"ሬሳው እስከ እሑድ?"

"ተራራ አይሸትም፣ እትዬ" አለኝ። ለእኔ! ፊደሉን ከግማሽ አላለፍኩም፤ ሬሳ ጉባኤ እንደማይጠብቅ ግን አውቃለሁ።

ረቡዕ ረፋድ ላይ አራቱ ተነሡ። ቀዮን በአራት ማዕዘን፣ እንደ ወጉ ተሸከሙት። በጣቢያው መሀል ሲያልፉ ሐዲዱን ላለመርገጥ እግራቸውን አነሣ ያደርጉ ነበር። ለማንም ሰላም አላሉም።

ደርበው በሩ ላይ ቆሟል። ከንፈሩ ደርቋል።

"እትዬ፣ ጥሩንባውን ላስነፋ?"

"ለራስህ አስቀምጠው" ብዬው ተከትያቸው ወጣሁ።

ከጣቢያው ስንርቅ ለቀስተኛ አለ ወይ ብዬ ዞር አልኩ። ከሰው ወገን አንድም የለም። ሰሜኑ እስከ ሰማይ ድረስ ባዶ ነው። አሸዋው ግን ጉድጓዱን ደፍኖ አልፏል፤ ጣቢያውን የሚያህል ሰፊ ሆኖ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ በእኛው እርምጃ ልክ ይከተላል። ተራሮቹ ትከሻ ለመቀየር ቆም አሉ። አሸዋውም ቆመ።