ውሃ የተወው ሹፌር

የከተማ አውቶቡስ ሹፌሩ ውሃ መጠጣት ከተወ ሰነባብቷል። ሽንቱ ድንገት ይመጣበታል፤ ከመጣ ደግሞ ፋታ አይሰጠውም። የትኛው ነዳጅ ማደያ ሽንት ቤቱን እንደሚቆልፍ፣ የትኛው ካፌ ፊት እንደሚነሳ ጠንቅቆ ያውቃል። ተሳፋሪ «ምን ሆነን ነው የቆምነው?» ሲለው «ጎማ ልይ» ብሎ ይወርዳል። ጎማ ማየቱ ስለበዛ ባልደረቦቹ «ጎማው» የሚል ስም አወጡለት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መንገዱ ተዘጋጋና ሽንቱ አመለጠው። የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ እስኪያልቅ መሪውን እንደያዘ ቆየ። ከዚያ ጃኬቱን ወገቡ ላይ አስሮ ቤቱ ገባ፤ ሱሪውንም ራሱ ማጠብ ጀመረ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ውላ መግባቷ ነበር።

«ከመቼ ወዲህ ነው ልብስ አጣቢ የሆንከው?»

«ዘይት ፈሶብኝ ነው።»

ሱሪውን ከእጁ ተቀብላ አየችው። ዘይት የለውም። አጠገቡ የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አለች።

«እኔም ሳስልና ስስቅ ያመልጠኛል» አለችው ቀስ ብላ። «የመጨረሻ ልጃችንን ከወለድኩ ጀምሮ። ሰው ቤት ስንሄድ ጠቆር ያለ የምለብሰው ለዚህ ነው።»

«እኔ እኮ ወደሽው ይመስለኝ ነበር።»

«ኧረ የት ወድጄው።»

ክሊኒክ አብረው ሄዱ። ሐኪሟ ሽንታቸውን አስመረመረች፣ የእሱንም ፕሮስቴት የሚባለውን ከፊኛ ሥር ያለ ዕጢ አየች፤ ኢንፌክሽንም ሌላ የሚያሰጋ ነገርም አልተገኘም።

«ውሃ መተውዎ ነው ያባባሰው» አለችው። «ሽንት አንሶ ሲጠቁር ፊኛን ይቆጠቁጣል። በትንሽ በትንሹ ይጠጡ፣ ቡና ይቀንሱ። ሲመጣብዎ ደግሞ ወዲያው አይሩጡ፤ ጥቂት እያዘገዩ ፊኛዎን ያስተምሩት።»

ለሚስቱ ደግሞ በወሊድ የላላውን ሽንት የሚይዝ ጡንቻ፣ ሽንቱን እንደሚያቋርጥ ሰው እንዴት እየጨበጠች እንደምትለቅ አሳየቻት። «ቶሎ ለውጥ አያዩም፤ እንዳይሰለቹ» አለቻት።

«በዚህ ዕድሜ ፊኛ አስተማሪ ሆንን» አለ ሹፌሩ ሲወጡ።

ለውጡ የኤሊ ጉዞ ነበር። ለእሱ መድኃኒት ተጨመረለት፤ አፉን ቢያደርቀውም ጥድፊያውን አበረደለት። እያፈረም ቢሆን ለስምሪት ኃላፊው ነግሮ፣ በሁለቱም ጫፍ ሽንት ቤት ያለው መስመር ላይ ተመደበ። እሷም ከወራት በኋላ ጉንፋን ሲይዛት እንደ ድሮው መሳቀቋ ቀረ። ጨርሶ የዳነ ግን የለም።

ማታ ሲገቡ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ይዘረጋሉ።

«እንዴት ዋለልህ?»

«ዛሬስ ደህና ነው። ላንቺስ?»

«አንዴ ብቻ» ትለዋለች፣ ዓይኗን ጨፍና።